የሕዝብ በዓልና የመንግሥት ሥርዓት፤ ከጌዴኦ ሶንጎ እስከ ስታዲየም

ሰው ለብቻው ሲሆን ጠባዩ ይመራዋል፤ በብዛት ሲሰበሰብ ግን ሥርዓት ያስፈልገዋል። አንድ ሺህ ሰው በጠባብ በር ለመውጣት በተጋፋ ጊዜ፣ ከመካከሉ ክፉ አሳቢ ባይኖር እንኳ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መንግሥት ለታላላቅ በዓላትና ለስፖርት ውድድሮች ደንብ ማውጣቱ ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም። ሊመረመር የሚገባው፣ ደንቡ ማንን ያገለግላል፣ በማንስ እጅ ይፈጸማል የሚለው ነው። ለዚህም የጌዴኦን አገር ምሳሌ እናደርጋለን።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በቡና ንግድ የታወቀች፣ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። የጌዴኦ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ባሌ በሚባል የዕድሜ እርከን ሥርዓት ሲተዳደር ኖሯል፤ መሪው አባ ገዳም ሥልጣኑን በየስምንት ዓመቱ ለተተኪው ያስረክባል። የመሰብሰቢያው ስፍራ ሶንጎ ይባላል፤ በዚያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፣ የተጣላውንም ያስታርቃሉ። ዳራሮ የተባለው ዓመታዊ በዓል ደግሞ ሕዝቡ ስላገኘው የዓመት ፍሬ ማጌኖ ብሎ ለሚጠራው አምላክ ምስጋና የሚያቀርብበት፣ ለአባ ገዳው ገጸ በረከት የሚሰጥበትና ምርቃቱን የሚቀበልበት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በሶንጎ ለሚሰበሰበው ሕዝብ ፈቃድ የሚጽፍ ጽሕፈት ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን ስብሰባው ሥርዓት አልባ አልነበረም። ስፍራው የታወቀ፣ ጊዜው የታወቀ፣ ኃላፊውም የታወቀ ነበር። ዛሬ በወረቀት የሚጻፈው ደንብ ሁሉ፣ ቢመረመር፣ የሚጠይቀው እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

የተጻፈውን ሕግ ብንመለከት፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያውያን ሕግ በሚወስነው መሠረት፣ ያለ መሣሪያ፣ በሰላም የመሰብሰብ መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ደግሞ፣ አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አዘዘ። አስተዳደሩ ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ቦታ ይሻላል ቢል፣ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ሊገልጽ ይገባዋል እንጂ፣ ጨርሶ አይደረግም ብሎ ሊከለክል አይችልም። በሆስፒታልና በጸሎት ቤት አጠገብ እስከ 100 ሜትር፣ በገበያም ቀን በገበያ ስፍራ አቅራቢያ እንዳይደረግ አዋጁ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በበኩሉ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት ሲያጸና፣ በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ፣ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። እንግዲህ የመንግሥት ሥራ ሁለት ነው፤ ሥርዓት ማስከበርና ማስፋፋት። አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው መጠንቀቅ ያሻል።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል የሚደርሰውን ጥፋት ዓለም በብዙ ስፍራ አይቶታል። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ የእግር ኳስ ተመልካቾች በተቈጡ ጊዜ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኰሰ፤ ሕዝቡም ወደ በሮቹ ሲጋፋ 126 ሰዎች አለቁ። በአገራችንም መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ፣ በኢሬቻ በዓል ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ አስለቃሽ ጢስ በተተኰሰ ጊዜ፣ የሚሸሸው ሕዝብ በጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ ተረጋገጠ። መንግሥት የሞቱት ከሃምሳ በላይ መሆናቸውን ሲገልጽ፣ ሌሎች ወገኖች ከዚህ እጅግ የበዛ ቍጥር ተናግረዋል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ የተሰበሰበ ሕዝብ መውጫ ሳይዘጋጅለት እንዲበተን ቢገደድ፣ ጠባቂው ራሱ የጥፋት ምክንያት ይሆናል።

ቸልተኝነት ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዳ፣ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ያንኑ ባላጋራዋን 2 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ባለ ሜዳ ሆና የተጫወተችው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በአገር ውስጥ ካሉት ስታዲየሞች የሚፈለገውን ደረጃ ያሟላ ባለማግኘቱ ነው። የደረጃው መመዘኛ ለቡድኑ ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹም ደኅንነት የተደነገገ ነው። ደንብ ያልተሟላበት ሕዝብ የራሱን ድል በሰው አገር ሲያከብር ማየት ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሪያድ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን መልክዓ ምድር፣ ከትክል ድንጋዮቹ፣ ከተከበሩት ደኖቹና ከጥምር እርሻው ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ክብር እንግዳን ይጠራል፤ እንግዳም መንገድን፣ ውኃን፣ ሐኪምንና ጥበቃን ይጠይቃል። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መድረክ ይሠራል፣ የንግግር ተራ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን በዓሉ የባለሥልጣን ንግግር የሚሰማበት ብቻ ሆኖ፣ የአባ ገዳው ምርቃት በመጨረሻ የሚታለፍ እንዳይሆን ያስፈራል። የጠበቅነውን ነገር በመጠበቅ ብዛት ልናጠፋው እንችላለንና።

ስለዚህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፤ ለበዓል ወይም ለውድድር የሚሆን ደብዳቤ ከፊታችሁ በቀረበ ጊዜ፣ ማኅተም ከመምታታችሁ በፊት ስፍራውን በእግራችሁ ሄዳችሁ ተመልከቱ። በሩ ስንት ነው? ሕፃንና ሽማግሌ በየት ይወጣል? ሕዝቡ ቢደነግጥ የሚሰማው የማንን ድምፅ ነው? የዚህን የመጨረሻውን መልስ የሚያውቁት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከበዓሉ አስቀድሞ ሊጠየቁ ይገባል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ፈቃድ የሰጠ ሰው ወረቀት ብቻ አልፈረመም፤ በዚያ ቀን ለሚወጣው ሕዝብ በሰላም መመለስ አላፊ ሆኗል።