ጉዲና ቱምሳ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ (1921–1971 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩ፣ በደርግ ዘመን ታፍነው የተገደሉ የሃይማኖት መሪ ናቸው። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአሟሟታቸው ጋር ነው። ሆኖም ድፍረታቸው የጀመረው በደርግ ፊት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያናቸውን በገንዘብ በሚደግፉ ወዳጆች ፊት ነበር።

የተወለዱት ወለጋ ውስጥ ቦጂ በተባለ ስፍራ ነው። በወጣትነታቸው ነቀምቴ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል በድሬሰርነት አገለገሉ። በዚያ ዘመን ድሬሰር ማለት ለገጠሩ ሰው ከሐኪም የማይተናነስ ባለሙያ ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ ያሽጋል፣ መርፌ ይወጋል። በኋላ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ለይቶ ማየትን አጥብቀው የተቃወሙት ሰው ከአልጋ ዳር መነሳታቸው እንዲያው አጋጣሚ አይመስልም። በ1950 ዓ.ም. ማዕረገ ቅስና ተቀበሉ። ከ1956 እስከ 1958 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴይንት ፖል ከተማ በሚገኘው የሉተራን ሴሚናሪ ነገረ መለኮት አጠኑ፤ ወቅቱ የጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል የተፋፋመበት ነበር። አገራቸው ሲመለሱ በ1951 የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ አደረገቻቸው።

በሥልጣን ዘመናቸው ከወጡት ሰነዶች ሁሉ የጎላው በ1964 ዓ.ም. ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተላከው ደብዳቤ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለመሳሰለው የልማት ሥራ እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ገንዘብ ሲጠየቁ ግን ያንገራግራሉ። በአንጻሩ ምእመኑ በየዓመቱ እየበዛ፣ የሚያስተምረው ሰው እያነሰ ሄደ። ደብዳቤው ይህን አከፋፈል ፊት ለፊት ተቸ። ሰው አንድ ነው፤ የተራበውን አብልቶ መንፈሱን መርሳትም ሆነ ለመንፈሱ ሰብኮ ረሃቡን መዘንጋት ጎዶሎ አገልግሎት ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ተቀባይ ቤተ ክርስቲያን ሰጪዋን እንዲህ መናገሯ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ጉዳዩም በ1967 ናይሮቢ ላይ ለዓለም አቀፍ ምክክር ቀረበ። መካነ ኢየሱስ እስከ ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምትለው ሐሳብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተቆራኘ ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ቄስ ጉዲና ተቃዋሚ ሆነው አልተነሱም። መካነ ኢየሱስ በ1967 ዓ.ም. ለምእመናኗ ባስተላለፈችው መልእክት የፍትሕንና የመሬትን ጥያቄ በበጎ ተቀብላለች፤ ጭሰኛ ለበዛበት ምእመን ይህ ባዶ ቃል አልነበረም። መልእክቱ አንድ ድንበር ግን አሰመረ፤ የትኛውም ርዕዮተ ዓለም የመጨረሻ እውነት ሊባል እንደማይችልና ፍጹም ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። ለለጋሾች የተነገረው አሁን በሌላ መልኩ ለገዢዎች ተደገመ። ቄስ ጉዲና ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናትን ያቀፈ የትብብር ምክር ቤት እንዲመሠረት ግንባር ቀደም ሆኑ፤ በሰብሳቢነትም መሩት። ደርግ በበኩሉ በመጋቢት 1969 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንን ሬዲዮ ጣቢያ ብስራተ ወንጌልን ወረሰ።

ደርግ በቄስ ጉዲና ላይ የነበረውን ጥርጣሬ ያባባሰ ሌላም ነገር ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ በኦሮሞ የፖለቲካ ትግል ውስጥ የታወቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ግድያውን በእምነት ብቻ ወይም በፖለቲካ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ለደርግ ሁለቱ የተለያዩ አልነበሩም።

ቄስ ጉዲና በጥቅምት 1971 ታስረው ተፈቱ፤ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ታሰሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ተመቻችቶላቸው እንደነበርና መንጋዬን በመከራ ቀን ትቼ አልሄድም በማለት እንደቀሩ ይነገራል። ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1939 ከኒውዮርክ ወደ ናዚ ጀርመን እንደተመለሰ ሁሉ፣ እሳቸውም ደህንነቱን በእጃቸው ይዘው ተዉት። «የአፍሪካ ቦንሆፈር» መባላቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ በኡራኤል ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይን በመንገድ ላይ አወረዷቸው፤ ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ባሏ የት እንደደረሰ ያልተነገራት ሚስት በቀጣዩ ዓመት ራሷ ታሰረች፤ ተገርፋ፣ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆየች።

የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በራስ አስራተ ካሣ ግቢ ተቀብረው ነበር። እንደ እሳቸው በ1971 የተገደሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅምም የወጣው ከዚሁ ግቢ ነው።