ሦስት እጀታ

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የኢትዮጵያን ቤት ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ዕቃ ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ ሞባይል አልልም። ቴሌቪዥንም አልልም። ቢጫዋ ጀሪካን ናት እላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። የሞባይል ባትሪ ቢያልቅ ቀኑ እንደምንም ይመሻል፤ ጀሪካኗ ባዶ ከሆነች ግን ወጥ አይሠራም፣ ቡና አይፈላም፣ ልጅም ፊቱን ሳይታጠብ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ስለ ባቡሩ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ምኒልክ መኪና ብዙ ተጽፏል። ቤተ መንግሥት የገባ ዕቃ ጸሐፊ አያጣም። ጀሪካን የገባችው በጓዳ በር ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ የሚጽፍላት አላገኘችም።

ታሪኳ የሚነሣው ከጦርነት ነው። ስሟ ራሱ ይመሰክራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን "ጄሪ" እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ "ካን" ደግሞ ቆርቆሮ ነው። የጀርመን ቆርቆሮ ማለት ነው እንግዲህ። እናት ልጇን "ጀሪካኗን አምጪ" ስትላት፣ ሳታውቀው የአንድ ጦር ቅጽል ስም ነው የምትጠራው።

እ.ኤ.አ. በ1937 ሽቬልም በምትባል የጀርመን ከተማ፣ የሙለር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ የነበረው ቪንሰንዝ ግሩንፎግል ለጦሩ 20 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ቆርቆሮ ነደፈ። እኔን የሚገርመኝ ስለ ነዳጁ ያሰበውን ያህል ስለ ተሸካሚው ማሰቡ ነው። ከላይ ሦስት እጀታ ጎን ለጎን አደረገለት። አንድ ወታደር ሙሉውን ብቻውን ሲይዝ መካከለኛውን ይጨብጣል። ለሁለት ሲሸከሙት አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ይይዛል። ባዶ ሲሆን ደግሞ የሁለት ቆርቆሮዎች የጎን እጀታ ስለሚገጥም በአንድ እጅ ሁለት፣ በሁለት እጅ አራት ይነሣል። ክዳኑ በማንሻ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፤ ከአካሉ ስለማይለይ አይጠፋም። በውስጡ የአየር ቱቦ ስላለው ሲቀዳ እየተንደቀደቀ አይረጭም። ጎኑ ላይ ያለው ስርጉድ መስቀል ለጌጥ አይደለም፤ ነዳጁ በሙቀት ሲያብጥ ቆርቆሮው እንዲለጠጥ ነው። ተሞልቶ እንኳ ከላይ አየር ስለሚቀርለት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ነዳጅ የሚያጓጉዙት አራት ጋሎን በምትይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። በሰሜን አፍሪካ በረሃ እየተቀደደች ታፈሳለች። ከመጋዘን ተነሥቶ ተሽከርካሪው ጋ ሳይደርስ የሚባክነው ነዳጅ ከመቶ 30 እጅ ገደማ እንደሚሆን ጄኔራል ኦኪንሌክ ገምቶ ነበር። እንግዲህ የእንግሊዝ ወታደር ከጀርመን የማረከውን ቆርቆሮ እንደ ወርቅ ቢይዘው ምን ያስደንቃል? ኋላም መንግሥቱ እንዳለ ገልብጦ አመረተው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የምወዳት ትንሽ ታሪክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1939 ፖል ፕላይስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባው ጋር ከበርሊን እስከ ህንድ በመኪና ሊጓዝ ተነሣ። መኪናው ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ የመጠጥ ውሃ መያዣ እንደሌላቸው ትዝ አላቸው። ጀርመናዊው ቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከተከማቸው የጦሩ ቆርቆሮ ሦስት ይዞ መጣ። ያ የጦር ምስጢር ከአገሩ ሲወጣ፣ ልክ እንደኛዋ ጀሪካን፣ ውሃ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ፕላይስ ቆርቆሮውን ለአሜሪካ ጦር ቢያሳይ መጀመሪያ የሰማው አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 1945 ግን አውሮፓ ላለው የአሜሪካ ጦር ከ19 ሚሊዮን በላይ አስፈልጎ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ብረቱ በፕላስቲክ ተተካ፣ ስሙ ቀረ። የኛዋ ቢጫ ደግሞ ለውሃ ተብላ የተሠራች አይደለችም። የፓልም ዘይት ይዛ የመጣች ናት፤ ከማሌዥያ፣ ከኢንዶኔዥያ። ዘይቱ ሲያልቅ ቆራሌው ይገዛታል፣ ምናለሽ ተራ ትደርሳለች፣ ታጥባ እንደገና ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ ውሃ፣ ጠላ፣ አረቄ፣ ማር፣ የማትይዘው የለም። እርጅና ሲመጣባትም አፏ ተቆርጦ መታጠቢያ ወይም የችግኝ ማፍያ ትሆናለች። በየማደያው "በጀሪካን ነዳጅ አንሸጥም" ሲባል ስሰማ ፈገግ እላለሁ። ለነዳጅ የተፈጠረች ዕቃ እኮ ናት፤ በገዛ ሙያዋ ኮንትሮባንዲስት ተባለች።

ከእሷ በፊት የነበረው እንስራ ነው። እንስራ ሲያወሩለት ደስ ይላል። ሸክላው ላብ እያወጣ ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ በወይራ ከታጠነ ደግሞ ጣዕሙ ሌላ ነው። ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን ናፍቆቱን የሚያወሩት አብዛኛውን ጊዜ ያልተሸከሙት ናቸው። እንስራ ባዶውን ከባድ ነው። በገመድ ታስሮ ጀርባ ላይ ይውላል፣ አፉ በቅጠል ይወተፋል፣ ዳገቱ ላይ እግር ከከዳ የሰዓታት መንገድ ከነዕቃው ይፈሳል። ከዚያ ቤት ገብቶ ቁጣው አለ። ጀሪካን ብትወድቅ ትንከባለላለች እንጂ አትሰበርም። ባዶዋን ከአንድ ኪሎ ብዙም አትበልጥም። ጠባብ አፏም ጥቅም አለው፤ ጣሳና እጅ ስለማያስገባ ውሃው ከባልዲ ይልቅ በንጽሕና ይቆያል። ለማጠብ ግን መከራ ነው፤ ጠጠርና አሸዋ ከውሃ ጋር አስገብቶ እንደ ቅል መናጥ ነው ያለው መላ።

ነገር ግን ቢጫዋን ጀሪካን ልብ ብላችሁ እዩአት። እጀታዋ አንድ ነው። ሦስቱ የት ሄዱ? ዘይት ነጋዴ ሦስት እጀታ ምን ያደርግለታል፤ ከመኪና መጋዘን፣ ከመጋዘን ሱቅ ነው መንገዱ። ውሃ ይዛ ዳገት የምትወጣ ሴት በንድፉ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ ሴቶቹ ራሳቸው የጎደለውን ሞሉ። በአንዱ እጀታ ገመድ አሳልፈው እንደ እንስራው ጀርባቸው ላይ አዘሏት። ልጆች ደግሞ እንጨት አሻግረው አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው ለሁለት ይይዟታል። ግሩንፎግል ለወታደር ያሰበውን እነሱ በገመድና በእንጨት መልሰው ፈጠሩት።

የውሃው ክብደት ደግሞ አልቀነሰም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ በሸክላም ያዘው፣ በፕላስቲክም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን ያስፈልጋል የሚለው 20 ሊትር ገደማ ነው፤ ልክ አንድ ጀሪካን። አምስት ሰው ያለበት ቤት አምስት ጀሪካን ይፈልጋል፣ መቶ ኪሎ፣ ያውም በየቀኑ። ይህን የሚያመላልስ ጀርባ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወንዱ ወደ ውሃ መቅዳት የመጣው ጀሪካን አህያ ላይ ስትጫን፣ ጋሪ ላይ ስትደረደር ነው፤ ያኔ ሥራው ዋጋ አወጣ።

ውሃ ራሱ ወደ ቤት እንዲመጣ ማድረግ ለአገራችን አዲስ ብልሃት አይደለም። በምኒልክ ዘመን ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ እስከ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ አውርዶታል። ቧንቧ ሸክምን ያስቀራል፤ ጀሪካን ሸክሙን እንዲቻል ታደርጋለች። እኔ የማማርራት በዚህ ብቻ ነው። የሚቻል ነገር ሆኖ ሲገኝ የሚቸኩልለት የለም። ቦኖ ውሃው ጋ ሂዱና እዩ፤ ጀሪካኖቹ በባለቤቶቻቸው ፈንታ ወረፋ ይዘው፣ አንዷ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባት፣ ሌላዋ ስም ተጽፎባት፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ይውላሉ።

ሌላ የተረሱ ሰዎችም አሉ። እንስራውን የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪ ይናቅ ነበር፤ ቡዳ ይባላል፣ ከሌላው ጋር አይጋባም። በሠራው ሸክላ ግን ሁሉም ይበላል፣ ይጠጣል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚሁ ሙያ ነበር የሚታወቁት። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያው የት እንደደረሰ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ለቀሩት ሸክላ ሠሪዎችም ጀሪካን ክፉ ተፎካካሪ ሆነች፤ አትሰበርማ! የሸክላ ሠሪ ኑሮ የቆመው ዕቃው ተሰብሮ ሌላ ስለሚገዛ ነው።

አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉት ሴቶች ዛሬም ጭቃ ያቦካሉ። ጀበና ይሠራሉ፣ ምጣድ ይሠራሉ፣ ድስት፣ የአበባ መትከያ። እንስራም አልቀረም፤ እኔ የማየው ግን የባህል ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ነው፣ ውስጡ ባዶ። ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ቢጫዎቹ ተደርድረዋል።