«ቲቸር፣ ቡናውን እንንቀለው?»

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደጋው በሚወጣው ተዳፋት ላይ አባቱ ጥቂት የቡና እግር አላቸው። «ቲቸር፣ አባዬ ቡናውን ነቅለን ጫት እንትከል ይላል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝና እዚህ ልመልስለት።

መጀመሪያ ጫቱ። ይፋትና ጫት የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የአፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት ሲዝት እናነባለን።

ቡናም ለይፋት እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደ አንኮበር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፈው አልዩ አምባ ነበር፤ ከሸቀጡ አንዱ ደግሞ ቡና። ያኔ የሸዋ ክርስቲያን «የእስላም መጠጥ» እያለ ይሸሸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡ ነው ነገሩ እየላላ የመጣው። ዛሬ በረካውን ሳይጠጣ ውጣ የሚለን ማን አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንዱ ቡና በዓለም የሚታወቅ፣ ሌላው ስም የለሽ የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ሁለት ነው፦ መሬቱና የገበሬው እጅ።

ይርጋጨፌ ከፍ ያለ አገር ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ፍሬውም ይጠነክራል። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቡናውን አጥቦ ማዘጋጀት ተስፋፋ፤ ያ የአበባና የሎሚ ቃና ጎልቶ የወጣው በዚህ ነው። ሐረርጌ ውሃ አጠር ስለሆነ ፍሬው ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል፤ ጣዕሙም ወደ ፍራፍሬና ወይን ጠጅ ያደላል። ማለትም ሐረሮች ችግራቸውን ነው መታወቂያ ያደረጉት!

የእጁን ነገር ደግሞ እንይ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ገበሬዎችን አስቡ። አንዱ ቀይ ቀዩን መርጦ ይለቅማል፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አስጥቶ ያገላብጣል። ሌላው አረንጓዴውንም ጥቁሩንም አንድ ላይ ሸምጥጦ መሬት ላይ ይበትናል። ዝርያው አንድ፣ አፈሩ አንድ፤ ስኒው ላይ ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ስም ደግሞ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀ። ተቃውሞ ገጠመው፤ ከስታርባክስ ጋር የተስማማው በ2007 ነው። በምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ ለዓመታት የገበሬው ማንነት በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ይጠፋ ነበር። ከ2017ቱ ማሻሻያ በኋላ ግን ቡናው ከየት እንደመጣ እየታወቀ መሸጥ ቻለ። በ2020 አገራችን መጀመሪያ ባካሄደችው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር ያሸነፈው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ሮቢት ከተማዋ ቆላ ናት፤ ለሽንኩርትና ለማሾ እንጂ ለጥሩ ቡና ትሞቃለች። የእናንተ ተዳፋት ግን ሌላ ነው። ይርጋጨፌ ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። አባትህንም አትቆጣቸው፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ቡና ግን አንዴ ነው የሚለቀመው። ቤተሰብ ማስተዳደር ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

ብቻ አንድ ነገር ለምንልኝ። ጥቂት እግር ይተውልህ። ዘንድሮ ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀም፣ ከሽቦና ከእንጨት አልጋ ሥራ፣ ለይተህ አድርቅ፣ ከዚያ ለሚቀምስ ሰው ስጠው። ካልሆነ ያኔ ትነቅሉታላችሁ። ለመንቀል አንድ ጠዋት ይበቃል፤ እንደገና ተክሎ ፍሬ ለማየት ግን ሦስት አራት ዓመት ነው።

ግብርና ያጠናችሁ ተማሪዎቼ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። የምትችሉ ደግሞ ልጁን እርዱት።