በጎንደር የሴቶች ቍጥር ስለ ምን በለጠ

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት ጀምሮ የከተማይቱ ታሪክ በግንቡ ይነገራል፤ የሕዝቧን ታሪክ ግን ቍጥርም ይነግረናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ጎንደር 207,044 ሰዎች ነበሯት፤ ከእነዚህም 98,120 ወንዶች፥ 108,924 ሴቶች ነበሩ፤ ይኸውም ለ100 ሴቶች 90 ወንዶች ማለት ነው። በመላ አገሪቱ ግን በጥቂቱ የበለጡት ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ ምክንያቱን ከተፈጥሮ ይልቅ በአኗኗር መፈለግ ይገባል።

በደጋው አገር ሴት ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት ትወርስ ነበር። ዳሩ ግን ሞፈርና ቀንበር የወንድ ሥራ ስለ ነበረ፥ ባል የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት አራሽ ካላገኘች መሬቷ ብቻውን አያበላትም። ከተማ ግን ጠላ ለምትጠምቅ፥ እንጀራ ለምትጋግር፥ ጥጥ ለምትፈትል፥ በሰው ቤት ለምታገለግል ሴት የዕለት ጉርስ አያጣም። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጃገረድም ስትሸሽ መጠጊያዋ ይኸው ከተማ ነበር።

እቴጌ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን፥ ቍስቋምንም ማሠራታቸውን ታሪክ መዝግቦታል፤ የጠላ ጠማቂዋን ስም ግን አልጻፈም። እንግዲህ የከተማን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግንቡን ከለካ በኋላ ወደ ጓዳውም ይግባ፤ ከተማይቱን ያቆመው ጉልበት እኩሌታው በዚያ ይገኛልና።