የቲማቲም ሾርባ

የቲማቲም ሾርባ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ዘይት አብረው በስለው፣ ብዙ ጊዜም ተፈጭተው ወይም በወንፊት ተጠልለው በትኩሱ የሚጠጣ ምግብ ነው። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይገባበት ስለሚሠራ በአዲስ አበባ ቤቶች ረቡዕና ዓርብም ሆነ በዐቢይ ጾም ከማዕድ አይርቅም።

አመጣጥ

የቲማቲም የዱር ዘመዶች በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል፣ በአንዲስ ተራሮች ዙሪያ እንደሚበቅሉ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሰው ልጅ መጀመሪያ ያላመደው የት ነው የሚለው ላይ ነው። የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ሊቅ አልፎንስ ደ ካንዶል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፔሩን ጠቆመ። ጄንኪንስ የተባለ ተመራማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ለሜክሲኮ አደላ። የቅርብ ጊዜ የዘረመል ጥናቶች ሁለቱን የሚያስታርቁ ይመስላሉ፤ ትንንሽ ፍሬ ያለው ዓይነት ከኢኳዶርና ከሰሜን ፔሩ አካባቢ ተነሥቶ፣ ዛሬ የምናውቀው ትልቁ ቲማቲም ሜክሲኮ ውስጥ ሳይዳብር አልቀረም።

  

አቅርቦት

ቲማቲሙ በብዛት የሚመጣው ከመቂ፣ ከዝዋይና ከአዋሽ ሸለቆ ነው። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ለሾርባ የሚመረጠው ሞላላው ሮማ ነው፤ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ጥቂት ነው።

አሠራር

ለ1 ኪሎ ቲማቲም አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቂት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ድንች ይበቃል። ቲማቲሙ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ተደርጎ ይላጣል። ሽንኩርቱ በዘይት በዝግታ ይቁላላል፤ ካረረ ሾርባው ይመራል።

ብዙዎች የሚቸገሩበት ድንቹ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የቲማቲሙ አሲድ ደግሞ አትክልት ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ድንቹ ከቲማቲሙ ጋር አንድ ላይ ከተጣደ ለረጅም ጊዜ ሲንተከተክ ቆይቶም መሐሉ ጠጠር ይላል። ስለዚህ ድንቹ ቀድሞ በውሃ ይበስላል፣ ቲማቲሙ ኋላ ይጨመራል። የግፊት ድስት ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያሳስበውም። በፍስክ ወተት የሚጨምሩም አሉ፤ እሳቱ ከወረደ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ካልገባ ይቆራረጣል።

ቅጠላ ቅጠሎች

በሶብላ እሳት አይወድም። መዓዛው በቀላሉ የሚተን ዘይት ስለሆነ ድስቱ ከወረደ በኋላ በእጅ ተቆራርጦ ይነሰነሳል። እርጥብ በሶብላ ከነአበባው በእስር ይሸጣል፤ ለሾርባ ግን ለጋ ቅጠሉ ይሻላል፣ አበባው ትንሽ ይጎመዝዛል።

ጦስኝ በተቃራኒው ጠንካራ ነው፤ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ቢቁላላም ሽታውን አይለቅም። በሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ የሚባለው ዓይነት የኢትዮጵያ ደጋ ብርቅዬ ተክል ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋና በባሌ ተራሮች ይበቅላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 እዚሁ ላረፈው ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው። አብዛኛው ሰው ጦስኝን የሚያውቀው በሻይ ነው፤ ከቲማቲም ጋር መስማማቱ ግን ከሻዩ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የጥብስ ቅጠልም ይገባል፣ ከአንድ ዘንግ በላይ ከሆነ ግን ሌላውን ሁሉ ይውጣል።

በፋብሪካ የተዘጋጀ

በአሜሪካ የካምቤል ኩባንያ ባልደረባ ጆን ዶራንስ እ.ኤ.አ. በ1897 ውሃው የተቀነሰ የጣሳ ሾርባ ሠራ፤ ቲማቲም ከመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች አንዱ ነበር። በኢትዮጵያ የሚታወቀው መርቲ የቲማቲም ድልህ ሲሆን፣ ትኩሱ ቲማቲም ገርጥቶ በሚገኝበት ወቅት ቀለም ለመስጠት ያገለግላል። አንድ ማንኪያ ድልህ ከሽንኩርቱ ጋር በዘይት ከተጠበሰ በኋላ ውሃ ሲጨመርበት የጥሬነት ጣዕሙ ይጠፋል።