መብትና መንገድ፤ ከከተማው ደረጃ እስከ አርቦሬ ሜዳ

ቋንቋ የኅብረተሰብ መዝገብ ነው። አንድ ሕዝብ ስለ አካል ጉዳት የነበረውን አስተሳሰብ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከየዘመኑ ቃላት ቢነሣ ብዙ ያገኛል። «ድውይ» የሚለው ስያሜ ሰውየውን ለጸሎትና ለምጽዋት ያቀርበው ነበር። «አካለ ስንኩል» የሚለው ደግሞ ጉድለቱን አጉልቶ ሰውየውን ይሸፍነው ነበር። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል በሕግ መጻሕፍት ላይ ሲሰፍር ግን የተለወጠው ስያሜው ብቻ አልነበረም፤ የሚለምነው እጅ መብት የሚጠይቅ እጅ ሆኗል።

ይህ ማለት የጥንቱ ኅብረተሰብ ለአካል ጉዳተኛው ቦታ አልነበረውም ማለት አይደለም። ዜማና ቅኔ በቃል የሚጠኑ በመሆናቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ዓይነ ስውሩን ተማሪ ከጉባኤው አላገደውም። አራቱን ጉባኤ የፈጸመውን ሊቅ «አራት ዓይና» ብሎ የሚጠራ ሥርዓት፣ ማየትን በብሌን ሳይሆን በዕውቀት መለካቱን በዚሁ ስያሜ ይመሰክራል። ትምህርቱ በጆሮ ስለሚቀሰም በሩ ክፍት ነበረ። ከዚህ የምንረዳው፣ እንቅፋቱ ሁልጊዜ በሰውየው አካል ላይ አለመሆኑን ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንቅፋቱ ያለው ኅብረተሰቡ ባዘጋጀው መግቢያ ላይ ነው።

ይህን እውነት ወደ ትግል የለወጡት ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 70 ያቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ማኅበሩ መሥሪያ ቤቱን በአሥራ አንድ ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የታሪክ ቅደም ተከተል ሆኗል።

በሌላውም ዓለም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አካል ጉዳተኞች አንድ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አልወጡም። ይጠይቁ የነበረው አዲስ ሕግ አልነበረም፤ ከአራት ዓመት በፊት የወጣው ሕግ የሚፈጸምበት ደንብ እንዲፈረም ነበር። ደንቡም ተፈረመ። ሕግ መጻፍ አንድ ነገር፣ ሕግን ማስፈጸም ሌላ ነገር መሆኑን ይህ ክስተት ያስተምራል።

በኢትዮጵያም ሕጎቹ ተራ በተራ መጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ አዘዘ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የቀድሞ አዋጅ ሽሮ የሥራ ስምሪት መብታቸውን አጠናከረ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤቶቻቸውም ለእነርሱ የተመቹ እንዲሆኑ ደነገገ። በዚህ ሂደት ውስጥ የትነበርሽ ንጉሤን የመሳሰሉ ሰዎች ድምፅ ጎልቶ ተሰማ። በወሎ የተወለደችው፣ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው የትነበርሽ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷ በአካባቢዋ ከተለመደው ያለ ዕድሜ ጋብቻ አድኖ ለትምህርት እንዳበቃት ደጋግማ ተናግራለች። ኅብረተሰቡ «ለትዳር አትሆንም» ብሎ የተዋት ልጅ ኅብረተሰቡን ለፍርድ የምታቀርብ ጠበቃ ሆና ተመለሰች።

ነገር ግን የሕጉ ዓይን ያረፈው በደረጃውና በሕንፃው ላይ ነበር። ደረጃ የከተማ ነው። ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ኦሞ ቆላ የሚወርድ ሰው፣ በወይጦ ወንዝና በጨው ባሕር አጠገብ ከሚኖረው የአርቦሬ ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ የሚያየው የሣር ቤት፣ ከብትና የማሽላ ማሳ ነው። የሣር ቤት ደረጃ የለውም። ታዲያ እግሩ የማይታዘዝለት አርቦሬ እንቅፋቱ ምንድን ነው? ውኃ የሚቀዳበት ቦታ ርቀት ነው፤ አሸዋውና የወንዙ ሙላት ነው፤ ከብቱ ወደ ግጦሽ፣ ሰዉ ወደ ሸንጎ ሲሄድ ባዶ መንደር ውስጥ ብቻውን መቅረቱ ነው። ለዚህ ሕንፃ አዋጁ ቃል የለውም።

ቃሉ የሚገኘው በሌላ ሰነድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 9 የተደራሽነትን ግዴታ ሲዘረዝር በከተማም በገጠርም እንዲፈጸም ያዛል። «በገጠርም» የምትለዋ አንዲት ቃል አርቦሬን በስምምነቱ ውስጥ አስገብታዋለች። እንግዲህ የውኃ ጉድጓድ፣ ጤና ኬላ፣ የትምህርት ቤት በር፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ጥላ ሁሉ የተደራሽነት ጉዳይ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ በሚችለው የዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ለእነዚህ ሰዎች ወደ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ የዓይን ብርሃን ማለት ነው።

መንገዱን ግን ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ብቻውን አይከፍተውም። ለዚህ በዚያው በደቡብ ኦሞ የታየ ታሪክ አለ። በሐመር፣ በበናና በካራ ሕዝቦች ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ይባል ነበር፤ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎም ይጣል ነበር። የጥርስ መቅደም አካል ጉዳት አይደለም፤ ነገር ግን በአካል ላይ በታየ ምልክት ሰውን ከማኅበር ማውጣት የአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ ነው። ነፍስ ማጥፋትን የሚከለክለው የአገሪቱ ሕግ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ልማዱ ግን በሕጉ አጠገብ ኖረ። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ የተጣሉ ሕፃናትን በጂንካ እያሳደገ፣ በገዛ ቋንቋው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ተከራከረ። የካራ ሽማግሌዎችም በ2004 ዓ.ም. ልማዱን በይፋ ሻሩ። የሻሩት ሥርዓቱን ያቆሙት ራሳቸው ስለሆኑ ሽረቱ በሕዝቡ ዘንድ ክብደት አገኘ።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ዓይነ ስውራን ማኅበራቸውን ራሳቸው አቆሙ፤ የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ደንባቸውን ራሳቸው አስፈረሙ፤ የካራን ልማድ የካራ ልጅ አንሥቶ የካራ ሽማግሌ ሻረው። ስለ አርቦሬም ተደራሽነት ሲመከር፣ የውኃው ቦታ የት ይቆፈር፣ የትምህርት ቤቱ በር በየት በኩል ይሁን ሲባል፣ ከጥላው ሥር አስቀድሞ መቀመጥ ያለበት ወደ ጥላው ለመድረስ የሚቸግረው ሰው ነው። መምጣት ካልቻለ ሸንጎው ወደ እርሱ ይሂድ። መግቢያውን የሚያሰፋው አናጢ፣ በሩ የጠበበው ለማን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋልና።