የጠመንጃ ሰደፍ ጥቁረት

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ የሚባለው ስፍራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማይቱን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን አንባቢያችን አይዘነጋውም። ከዚያ አደጋ አስቀድሞ፣ በአንድ ወቅት በዚያ ስናልፍ፣ ለማገዶ ከተለቀሙ ቁርጥራጮች መካከል አንድ የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፍ አይተን ገዛን። ብረቱ የለም፤ እንጨቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ወደ አናጢ ወስደን እንዲያጸዳልን ለመንነው፤ እርሱም ጥሬው እንጨት እስኪወጣ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መለሰልን። ደስ አለን። ጥፋታችንን የተረዳነው ቆይተን ነው።

በቅርጹ ውጅግራ ይመስለናል። ይህ ጠመንጃ የፈረንሳይ ጦር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የያዘው፣ ስሙንም ከመኮንኑ ከባዚል ግራ ያገኘ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ መሣሪያ ስትይዝ አሮጌው ወደ ነጋዴ እጅ ወጣ፤ ከባሕር ዳር በግመል እየተጫነም ወደ ሸዋ ገባ። በዚያ መንገድ ከተጓዙት አንዱ ገጣሚው አርተር ሬምቦ ሲሆን፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ለንጉሥ ምኒልክ አምጥቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊትም ከልዩ ልዩ አገር የተገኘ ጠመንጃ የያዘ ነበር።

የውጅግራ ሰደፍ እንጨቱ ዋልነት ነው። እንዲህ ያለው እንጨት የሚቀባው የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠጥራል፤ ሲደራረብም ይጠይማል። ቅቤ ቢቀቡት ግን ከቶ አይደርቅም፤ የምድጃውን ጥላሸትና የመንገዱን አቧራ ይዞ ይቀመጣል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ደግሞ (ቆዳ ማልፊያ የሚሆነው ዐይነት ማለት ነው) እርጥብ ብረት ሲነካው ይጠቁራል። በብሎንና በቃታ ዙሪያ ጥቁረቱ የሚበረታውም ስለዚህ ነው።

ይህንን ጠባይ ዐውቀው ሆነ ብለው የሚያጠቁሩ ባለሙያዎች አሉ። የብረት ብናኝ በኮምጣጤ ዘፍዝፈው፣ እንጨቱን አስቀድመው በወፍራም ሻይ አርሰው፣ ቢቀቡት ቀለሙ በጥቂት ጊዜ ይመጣል። የቀድሞ አሜሪካውያን ጠመንጃ ሠሪዎች ናይትሪክ አሲድ ቀብተው በእሳት ያሞቁት ነበር፤ ይህ ግን ለሳንባም ለዐይንም አደገኛ ስለ ሆነ አንመክረውም።

እኛም በጸጸት ኮምጣጤውን ሞከርነው። በእርግጥ ጠቆረ፤ ነገር ግን ዳር እስከ ዳር አንድ ዐይነት ጥቁር ሆነ። ቀድሞ ጉንጭ የሚያርፍበት ጎን ከሌላው ይለሰልስ ነበር፤ እጅ የሚጨብጠው አንገቱም በላብ ብዛት ያብረቀርቅ ነበር። ግራኝ ይሁን ቀኝ ተኳሽ የያዘው ከዚያ መለየት ይቻል ነበር፤ አሁን አይቻልም። የብርጭቆ ወረቀቱ ያልደረሰባት፣ በአንዲቱ የብሎን ቀዳዳ አፍ ላይ ጥፍር የምታህል የቀድሞው ጥቁረት ቀርታለች። እርስዋን አልነካናትም።